ድንቡሼ በጨርቅ ትደግ ወይስ በዳይፐር

ውድ ምራቴ፣

ሌላ ሰው ቢሆን «እንደምን ከርመሻል፣ እኛ ደህና ነን» ብሎ ይጀምርልሽ ነበር። እኔ ግን ወረቀቱን ገና ሳትዘረጊው ዓይንሽ ምን እንደሚፈልግ ስለማውቅ እሱን ላስቀድም። ልጅሽ ደረቅ ናት። አልጋዋም ደረቅ ነው። የእኔም ቀሚስ፣ ተመስገን፣ ደረቅ ነው። አሁን አረፍ በይና ቀሪውን ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የባልሽ የሥራ ባልደረባ ነው፤ እህቱን ሊጠይቅ ወደዚያው ስለሚመጣ እግረ መንገዱን ይሰጥሻል። ለምን በስልክ አልነገርሽኝም እንዳትዪኝ። አንቺ በስልክ የምትሰሚው ድምፄን እንጂ የምለውን አይደለም። ትንሽ ካሳለኝ «እማዬ፣ የደበቅሽኝ ነገር አለ» ትያለሽ። ባለፈው ስንነጋገርም «የባቡር ሥልጠናዬን ትቼ እመጣለሁ፣ ማመልከቻውን ጽፌዋለሁ፣ ሰኞ አስገባዋለሁ» ብለሽ ስልኩን የዘጋሽብኝ እኔ አፌን ሳልከፍት ነው። ስለዚህ ዛሬ እኔ ላውራ፣ አንቺ ዝም በይ። ሰኞም ከመድረሱ በፊት ልቅደም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልሽ። የምታውቂውንም መድገሜ አይቀርም፤ ወሬ ከጀመርኩ ማቆሚያ እንደሌለኝ ታውቂያለሽ።

ድንቡሼ በዳይፐሩ መቀመጫዋ ቀልቶ ሐኪሙ «የአንዳንድ ሕፃን ቆዳ እንዲህ ነው፣ አየር ይፈልጋል» ያለሽ ጊዜ፣ የሽንት ጨርቅ የሚለውን ሐሳብ ያመጣሽው አንቺ ነሽ። የተቃወምኩት ደግሞ እኔ። ሰው ቢሰማን ይስቅ ነበር፤ ወጣቷ ጨርቅ ትላለች፣ አያቷ ዳይፐር ትላለች! እኔ እኮ ሦስት ልጅ በጨርቅ አሳድጌ ነው የወጣሁት። ስዘፈዝፍ፣ ስፈትግ፣ ስጨምቅ ጣቶቼ ተሸብሽበው የራሴ አይመስሉኝም ነበር። ዝናብ ሲሆን ጨርቁ በወንበሩ ጀርባ፣ በበሩ እጀታ፣ በሬዲዮው ላይ ሳይቀር ይሰጣ ነበር። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ዜና ለመስማት መጀመሪያ ጨርቅ ያነሳ ነበር። ተጠቅሞ የሚጣለው ዳይፐር በየሱቁ ሲመጣማ የእኔ ልጆች አድገው ነበር፤ ሆኖም በሱቁ በር ባለፍኩ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። ለሚወልዱት ሁሉ ደስ ይለኝ ነበር።

አንቺ ግን አልተከራከርሽኝም። «እማዬ፣ ለእኛ ቤት ይሆናል ወይስ አይሆንም፣ እንየው። ለእኔ ብላችሁ ግን አታድርጉት» አልሽኝ። ያን ዕለት ድስት የማማስል መስዬ ዞርኩ። አነጋገርሽ ልቤን ነክቶት ነበር። እኔን በወጣትነቴ «ይሆንሻል ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ አልነበረማ።

ከዚያማ ነገሩ ተፋጠነ። ፎቅ ያለችው ልብስ ሰፊ ከአንቺ ጋር ተቀምጣ፣ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ አራት እጥፍ እየደረበች ያን ሁሉ የሽንት ጨርቅ ሰፋች። ባልሽ ደግሞ በሆቴል ላውንደሪ የሚሠራ! «ከእናንተ ቤት የተሻለ ለጨርቅ የሚሆን ቤት ከየት ይመጣል?» አለች ልብስ ሰፊዋ። እሱም ደረቱን ነፍቶ፣ እጥበቱን ለእኔ ተዉት፣ እናንተ ቀይሩ፣ እኔ አጥባለሁ አለ። አንቺም በዚህ ልብሽ አርፎ ሻንጣሽን ይዘሽ ባቡር መንዳት ልትማሪ ሄድሽ። እስከዚህ ድረስ ታውቂዋለሽ።

የማታውቂው አስተጣጠቡን ነው። ብታዪው! ያ ልጅ ሳለ የጠጣበትን ብርጭቆ የማያለቀልቅ ልጄ፣ ጨርቁን እየለየ ይዘፈዝፋል፣ በሙቅ ውሃ ማሽን ውስጥ ይከታል፣ ሽታው እንዲጠፋ ያለቀልቃል፣ በመጨረሻም ያን ሽቶ ሽቶ የሚለውን የልብስ ማለስለሻ ያንቆረቁርበታል። ሲደርቅ ይተኩሰዋል። ከዚያ ሁሉንም አንድ ልክ አጥፎ ጠርዝ ከጠርዝ አግጥሞ ይደረድረዋል። ቁም ሣጥኑን ስትከፍቺው እንግዳ የሚጠብቅ የሆቴል ክፍል ይሸታል። ጨርቁን በጉንጬ ነክቼው «ይኼንን ለእኔ ትራስ ልብስ አድርግልኝ» ብዬዋለሁ።

ድንቡሼ ግን ራሰች። ጠዋት ራሰች፣ ከሰዓት ራሰች። አልብሼያት ዞር ከማለቴ ሽንቱ በእግሯ ይወርዳል። መጀመሪያ ወተት በዝቶባት ነው አልን። ቀጥሎ በጥብቅ አላሰርናትም አልን። በኋላ፣ እግዜር ይቅር ይበለን፣ ነገሩን በልብስ ሰፊዋ ስፌት አሳበብን። እሷም ሰምታ ከፎቅ ወርዳ በር ላይ ቆመች።

«የእኔ ስፌት ምን ሆነ? ስፌት ነው የሚሸናው?» አለች።

ለመታረቅ ብዬ ድንቡሼን አቅፌ ዘረጋሁላት። እሷም ልቧ አልቻለም፣ ተቀበለችኝ። ያኔ ክንዷ ላይ ስትሰፋው የነበረ የደንበኛ ቀሚስ አንጠልጥላ ነበር፤ ገና ያልተጠናቀቀ፣ ያውም ሐር የሚመስል ነገር። ከዚህ በኋላ የሆነውን አልነግርሽም። ወደ አንቺ ደውላ «ልጅሽ እንደ ዓሣ ውሃ ውስጥ ነው የምትኖረው» ያለችሽ በዚህ ንዴት ነው። አትፍረጂባት፤ ቀሚሱን ፈትታ እንደገና ነው የሰፋችው። ይሁን እንጂ ውሸትም አላለችሽም። እርጥበት ላይ እየዋለች ያ ሽፍታ ተመልሶ መጥቶ ነበር።

አንቺ ስልኩን ስትዘጊ ባልሽ ከማሽኑ አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ቁጭ አለ። ትከሻው ወደቀ።

«እማዬ፣ የስንት እንግዳ አንሶላ አጥቤ ነጭ አደርጋለሁ፤ የገዛ ልጄ ጨርቅ አቃተኝ። ትምጣ፣ በቃ» አለኝ።

«መጥታስ ምን ታድርግ? እሷ እየተማረች ያለችው ባቡር መንዳት እንጂ ልብስ ማጠብ አይደለም» አልኩት።

አፌን ሞልቼ እንዲህ ልበል እንጂ ልቤ ፈርቶ ነበር። አንቺ አንዴ ከመጣሽ ማን ይመልስሻል? እኔም ብሆን ዳይፐሩን እንመልሰው ብዬ እንዳልገላገል ቆዳዋ አለ። ጨርቁን እንያዝ እንዳልል ልጅቷ እየራሰች ነው።

በማግሥቱ ቁርስ ላይ፣ የእጄ ነገር፣ ሻይ ደፋሁ። ጠረጴዛውን አቋርጦ ወደ ድንቡሼ ሲሄድ አጠገቤ ያገኘሁትን ጨርቅ አንስቼ ላብስ አልኩ። ያነሳሁት ከባልሽ ክምር ላይ አንዱን ኖሯል። ምራቴ፣ ጨርቁ ሻዩን አልጠጣ አለ! ጨርቁን ስገፋው ሻዩ ከፊት ከፊቱ ይሸሻል። ወደ ግራ ሳባርረው ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሳባርረው ወደ ቀኝ። ቆም ብዬ በማንኪያ ውሃ ጠብ አደረግሁበት። ውሃው ቅጠል ላይ እንዳደረ ጤዛ ድቡልቡል ብሎ ተቀመጠ። ዘንበል ሳደርገው ተንከባሎ ወረደ። ሳቄን ለቀቅሁት። ድንቡሼም ምኑም ሳይገባት አብራኝ ሳቀች።

ባልሽ ሸሚዙን እየቆለፈ መጣ። አሳየሁት። ጨርቁን ዳሰሰው፣ አሸተተው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳው። ከዚያ ኪሱ ከቶት ሥራ ሄደ።

ከሰዓት ሲመለስ ጆሮው ቀልቷል። እሱ ሥራ ከገባ ጀምሮ አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ ክፍል ነው። ፎጣው ከግድግዳው ወዲያ ነው የሚታጠበው፤ አንድም ቀን ገብቶ አይቶ አያውቅም። ለፎጣ ክፍሏ ሴትዮ ጨርቁን ሲያሳያት፣ ማለስለሻ አድርገህበታል ወይ አለችው። በደንብ ነዋ አላት። ፈረቃው በሙሉ እየሰማ እንዲህ አለችው፦

«አንሶላ እኮ ሰው ይተኛበታል፤ ይለስልስ። ውሃ መጠጣት ያለበትን ጨርቅ የማለስለሻውን ቅባት አጠጥተህ፣ ጠግቧልና ሌላ ምን ይጠጣልህ?»

ሲነግረኝ እሱም ሳቀ። ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበ። ያን ሁሉ ጨርቅ በፈላ ውሃ፣ ያለ ሳሙና፣ አረፋ መውጣቱ እስኪያቆም ደጋግሞ አጠበው። የማለስለሻውንም ጠርሙስ ለአንሶላው ክፍል ይዞት ሄደ። አሁን ጨርቁን ብታዪው አያምርም። ሻካራ ነው፣ ምንም አይሸትም፣ ማንም ጉንጩን አያስጠጋበትም። ግን ይጠጣል፤ እንደ ግመል ነው የሚጠጣው። ሽፍታዋም እየከሰመ ነው። ሐኪሙም አይቷታል፣ በዚሁ ቀጥሉ ብሏል። ባልሽ ልብስ ሰፊዋን በር ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠየቃት፤ እሷም ትንሽ አንጠልጥላው ይቅር አለችው።

እንግዲህ ጥያቄሽ ቀረ። ለእኛ ቤት ይሆናል ወይስ አይሆንም?

ትናንት ከባልሽ ጋር ተቀመጥንበት፤ ልብስ ሰፊዋም ሳትጠራ መጥታ ሦስት ሆንን። እኔ በግልጽ ተናገርኩ። የመዘፍዘፊያው ባልዲ ውስጥ እጄን አልከትም፤ የእኔ ድርሻ በወጣትነቴ አልቋል። መቀየር፣ ማስጣት፣ ማጠፍ ግን በደስታ። ባልሽም መዘፍዘፉና ማጠቡ የእኔ ነው አለ። ሥራው የጠዋት ፈረቃ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ቤት ነው፤ ማሽኑ አለን፣ በረንዳውም ፀሐይ ያገኛል። ስንወጣና ስትተኛ ዳይፐር እናደርግላታለን፤ በቀን አንዴ ከሆነ ቆዳዋ አልተቆጣም። ዝናብ ሰንብቶ ጨርቁ እንቢ ካለም ዳይፐር እናደርጋለን፣ ደግሞም ወንጀል እንደሠራን አንቆጥረውም። የልብስ ሰፊዋ የእህቷ ልጅ መንታ ወልዳለች። ማሽን የላትም፣ ውሃዋ በፈረቃ ነው የሚመጣላት፣ ባሏም ማታ ነው የሚገባው። እሷም ልሞክር ወይ ብላ ስትጠይቀኝ፣ ተዪው ልጄ፣ አንቺ ዕረፍት ነው የሚያስፈልግሽ አልኳት። ለእኛ የሆነ ለሁሉ አይሆንም። ለእኛ ግን ሆኗል። ለአንቺ ብለን አይደለም፤ ስለተመቸን ነው።

አሁን እስካሁን ዙሪያውን ስዞረው የቆየሁትን ነገር ልናገር። ልንገርሽ ወይስ ልደብቅሽ እያልኩ ስንት ጊዜ ብዕሩን አስቀመጥኩ።

ድንቡሼ ተቀመጠች። ብቻዋን፣ ማንም ሳይደግፋት። ባልሽ አጠገቤ ተቀምጦ ጨርቅ እያጠፍኩ ነበር፤ እሷ ምንጣፉ ላይ ነበረች። ዞር ስል ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። እንደ ተቆጣጣሪ አየችን፣ አየችን፣ ከዚያ በጎኗ ዘንበል ብላ ያጠፍኩት ክምር ላይ ወደቀች። ባልሽ ጨርቅ ላስገባ ብሎ ወደ በረንዳው ወጣ። ገመዱ ላይ የቀረ ጨርቅ አልነበረም። ዓይኑን ሲጠርግ በመስታወቱ አየሁት፤ እኔም ያላየሁ መሰልኩ።

ይህን አንቺ አላየሽም። እዚህ ብትሆኚ ታዪው ነበር፤ ይህን አልክድሽም። ብትቆዪ ደግሞ ሌላም ያመልጥሻል። መዳኋ አይቀርም፣ ጥርሷም እየመጣ ነው። ሥልጠናው ምንም አያስከፍልሽም ብዬ ላታልልሽ አልችልም። አንቺም ያን ማመልከቻ የጻፍሽው በጨርቁ ብቻ አይመስለኝም። ናፍቃሽ ነው። ናፍቆትሽ ምክንያት ሲፈልግ ጨርቁን አገኘ።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። መጀመሪያ ባቡሩን በጣቢያው ግቢ ውስጥ ያንቀሳቀስሽ ቀን ደውለሽልኝ ነበር። «እማዬ፣ ያ ሁሉ ብረት እጄን ሰማኝ» አልሽኝ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከአንቺ ሰምቼ አላውቅም፤ ድንቡሼን የወለድሽ ቀን እንኳን፣ አትቀየሚኝና፣ አልሰማሁትም። ስልኩን ዘግቼ ለብቻዬ ስስቅ ዋልኩ። የልጅ ልጄ እንዲህ ያለ ድምፅ ያላት እናት ይዛ እንድታድግ እፈልጋለሁ።

ስለ ማመልከቻው፣ አንቺ ታውቂያለሽ፣ እኔ አልወስንልሽም ብዬ ልጽፍ ነበር። ውሸት ሆነብኝ። እኔስ ወስኛለሁ። ቅደጂው። እዚህ ያለነው በቂ ነን፤ በቂ ባንሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ በመጻፍ ፋንታ ራሴ መጥቼ እጅሽን ይዤ አመጣሽ ነበር። የምታለቅሺበት ቀን ካለ ደውዪልኝ፣ እኔ አፌን ዘግቼ አዳምጣለሁ፤ እንደማልችለው ባውቅም እሞክራለሁ። የሚያመልጥሽን ሁሉ እያየሁ አጠራቅምልሻለሁ፣ ስትመጪም አንድ ሳላስቀር አወራልሻለሁ፣ እስክትሰለቺኝ።

ስትመጪ ግን እንደ ተሳፋሪ መስኮት ዳር ተቀምጠሽ አትምጪብን። ነድተሽው ነዪ።

የድንቡሼ አያት፣
የአንቺም እናት