ነፃ ትምህርት ለናቁልን ለክቡር ርዕሰ መምህር

ለክቡር አቶ መሳፍንት፣
የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ቢሮዎ፣ ወንበርዎ፣ ከወንበርዎ ጀርባ የተዘረጋው መጋረጃ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከምክርዎ የተረፍነው ደኅና ነን። ክረምቱ ወጥቷል፤ የእንጅባራ ብርድ ግን ክረምት ወጣ ብሎ የሚወጣ አይደለምና ጉልበቴን ይዞኛል። ምላሴን ስላልነካው ለዚህም ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

እኔ ይኸነው እባላለሁ። አምና ካስፈተኗቸው ልጆች ሁሉ ለብቻዋ ያለፈችው የሕይወት አያት ነኝ። ፊደል አልቆጠርሁም። ይህን የሚጽፍልኝ ዳንግላ ፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቀመጥ ራፖር ጸሐፊ ነው። እንጅባራ ጸሐፊ ጠፍቶ አይደለም፤ የእንጅባራዎቹ የእርስዎ ተማሪዎች ነበሩ ስላሉኝ፣ የሚነበብ ነገር እንዲሆን ብዬ እስከዚህ መጣሁ። እኔ እናገራለሁ፣ እርሱ ይጽፋል፤ የሚያስደነግጠው ቃል ላይ ሲደርስ ብዕሩን አንሥቶ ያየኛል፤ እኔም ጻፍ እለዋለሁ። በአገውኛ ቢሆን ኖሮ ስድቤ ስድብ መሆኑ ይታወቅ ነበር። ጸሐፊው አገውኛ ስለማይሰማ በአማርኛ ሆነ፤ በአማርኛ ሲጻፍ ደግሞ ሁሉም ነገር ምስጋና ይመስላል። በዕድሜ ልጄ ስለሆኑ አንተ ልልዎት ይገባኝ ነበር። አንተ የሚባለው ግን የቀረበ ሰው ነውና፣ አንቱ ብዬ ራቅ አድርጌ ልያዝዎት።

ይህ ደብዳቤ በአደባባይ የሚነበብ ስለሆነ ነገሩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልናገር። ሕይወት ሐኪም መሆን ትፈልጋለች። ውጤቷ በመጣ ጊዜ ሁለት በር ተከፈተላት። አንደኛው ባሕር ዳር ያለ ኮሌጅ ነው፤ ትምህርቱንም፣ መኝታውንም፣ ምግቡንም፣ መጽሐፉንም እኔ እችላለሁ፣ አንቺ ብቻ ተማሪ ብሎ ጻፈላት። ሁለተኛው አዲስ አበባ ያለ፣ የሀብታም ልጆች የሚማሩበት፣ ግድግዳው መስታወት የሆነ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እርሱም ነይ አላት፣ ከነገንዘብሽ ነይ። ሁለቱም የሚያወጡት ሐኪም ነው። ልጅቱ ባሕር ዳር ልትሄድ ልብሷን ሁሉ አጥባ አጥር ላይ አስጥታ ነበር። ከዚያ እርስዎ ደረሱ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ሕይወትን ስላስተማሩልን አመሰግናለሁ። እውነት ነው የፊዚክስ መምህር ዓመቱን ሙሉ አልነበረም፤ የኬሚስትሪው ነበረ፣ ግን እርሱም አለመኖሩ ይሻል ነበር ይላሉ ልጆቹ። ባዮሎጂውን ያስተማራት ስልኳ ነው፤ ለስልኩ ኔትወርክ የሰጠው ደግሞ ጥርባ በሚባለው መንደር ያለው ጉብታ ነው፤ እዚያ ላይ ጋቢዬን ተከናንባ ተቀምጣ ተማረች። እንዲህ ሆኖ ሳለ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ባነር ሲሰቀል የጉብታው ፎቶ አልወጣም፤ የእርስዎ ወጣ። የእርስዎ ፎቶ ከእርሷ ይበልጣል ብለው የሚያሙዎት አሉ፤ እኔ ግን ተገቢ ነው ብያለሁ። እርሷ አንዲት ናት፤ እርስዎ ግን የወደቁትን ሁሉ ወክለው ነው የቆሙት። ከፎቶዋ ሥር የመስታወቱ ዩኒቨርሲቲ ስም በትልቁ መጻፉንም ነገሩኝ፤ ልጅቱ ገና ሳትወስን። እርስዎን የመሰለ ሰው ባነር አንዴ ካሳተመ በኋላ ልጅ ይታጠፋል እንጂ ባነር አይታጠፍም።

ሁለተኛ፤ ልጅቱን ቢሮዎ ጠርተው ስለመከሯት አመሰግናለሁ። ነፃ ትምህርት የድሃ ነው አሏት። ሳህን ይዘሽ ለነፃ ምግብ ስትሰለፊ አይታይሽም ወይ አሏት። ልጅቱ ቤት መጣች፤ ካጥሩ ላይ ልብሷን ሰበሰበች፤ አጣጥፋ መልሳ ሳጥን ከተተችው። ምን ሆንሽ ብንላት ይህንኑ ነገረችን። ድሃ መሆናችንን ስለነገሩን ከልብ አመሰግናለሁ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ገበሬ የሆንን መስሎን ነበር።

እኔም ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር፤ ያስታውሱኝ ይሆናል፣ በሩ ላይ ያስቆሙኝ ሽማግሌ ነኝ። የመስታወቱ ቤት የሚያስተምረው፣ ያኛው የማያስተምረው ምን አለ ብዬ ጠየቅሁዎት። ስም አሉኝ። ስም በሽተኛ ያድናል ወይ ብልዎ፣ አባባ ይህ ለእርስዎ አይገባዎትም አሉኝ። ያልገባኝን ይዤ ወጣሁ። ጤና ጣቢያ ጎራ ብዬ ነርሷን ፍቅርአዲስን የት ነው የተማርሽ አልኋት። ሳቀች፤ ይህን ከእርስዎ በፊት የጠየቀኝ አንድ በሽተኛ ብቻ ነው አለችኝ። ያ በሽተኛ ለካ እርስዎ ነበሩ፤ ያውም መርፌውን ፈርተው።

ወደ ቤቴ ስመለስ ጋሪ ላይ ሆኜ ነገሩን በልኩ መዘንሁት፤ በእርስዎ ላይ መፍረድ ቀላል ስለሆነ ብቻ መፍረድ አልፈለግሁም። ስም ከንቱ ነው አልልም፤ ስሜን ነክቶኝ ዝም ያልሁት ሰው የለም። ከባለሥልጣን ልጅ ጎን የተቀመጠች ልጅ ነገ ብዙ በር ይከፈትላታል፤ ይህንን አልክድም። ነገር ግን ያ በር እስኪከፈት ድረስ እኛ የምንሸጠው ከራሳችን በር በቀር አይቀርልንም። መሐል ላይ ዝናብ ቢቀር፣ ወይም ለገበያ የምናወጣው ከሰል ቢረክስ፣ ልጅቱ ግማሽ ሐኪም ሆና ትመለሳለች። ግማሽ ሐኪም ምን ያደርግልናል? ግማሽ ርዕሰ መምህር እንኳ ይዘን ተቸግረናል።

ሦስተኛው፣ ዋናውም ምስጋናዬ፣ የመስቀል ለት ስለዋሉልን ውለታ ነው። እዚህ አገር ብዙ ስለቆዩ ወጋችንን ያውቁታል። መሬት ላይ ቆሞ የተናገረ ሰው ተሳስቻለሁ ሊል ይችላል። ኮርቻ ላይ ሆኖ፣ በሕዝብ ፊት የተናገረ ፈረሰኛ ግን ቃሉን አይመልስም፤ ቢመልስ ሰው አይባልም። ይህን ወግ ያቆሙት አባቶቻችን አንድ ቀን ማይክራፎን የያዘ ርዕሰ መምህር ይመጣል ብለው አላሰቡም።

የሕይወት አባት፣ ልጄ ስማቸው፣ እንደ አባቱ ኩሩ ነው፤ እንደ አባቱ ግን ብልህ አይደለም። በዚያ ቀን በበዓሉ ሜዳ ፈረሱን አስጊጦ፣ ጠላም ቀማምሶ በፊትዎ ሲያልፍ፣ ማይክራፎኑን አነሡና፣ ይህ ጀግና ልጁን ለነፃ ቀለብ ይሰጣታል ወይስ እንደ ወንድ ከፍሎ ያስተምራታል ብለው ሜዳው እስኪያስተጋባ ጠየቁት። ሕዝቡ ሳቀ። ስማቸው በእርካቡ ላይ ቆሞ፣ እከፍላለሁ፣ ከፍዬ አስተምራለሁ ብሎ ፎከረ። እልልታው ቀለጠ። እርስዎም አጨበጨቡ፤ ጭብጨባ ምንም አያስከፍልምና።

በማግስቱ ስማቸው መጥረቢያውን ይዞ ዲከረንሳችን ውስጥ ገባ። ከተማ ላደገ አንባቢ ልንገር፤ ዲከረንስ ለከሰል የምንተክለው ዛፍ ነው፤ ከጤፍ ጋር ይበቅላል፣ ከዚያ ሲጠብቁት ሲጠብቁት ይወፍርና ደንበኛ ከሰል ይወጣዋል። የእኛው ገና የሕፃን ክንድ ያህል ነበር። ያልደረሰ እንጨት ሲከስል ግማሹ ዱቄት ነው፤ ነጋዴው ከአይሱዙው ወርዶ በጫማው ነካ አድርጎት፣ ይህን እናንተው ሙቁት ብሎ ሄደ። ስማቸው ግን ይቆርጣል። ሚስቱ አምሳለ እግሩ ላይ ወድቃ ብትለምነው ይቆርጣል። ከዛፉ ቀጥሎ ፈረሱ፣ ከፈረሱ ቀጥሎ መሬቱ እንደሚሄድ እኔም አየሁ፣ እርሱም አይቶታል፤ ኮርቻ ላይ ሆኖ ተናግሯልና ምን ያድርግ? የባሕር ዳሩ ኮሌጅ ደግሞ፣ በጥቅምት መጨረሻ ካልመጣች ቦታውን ለሌላ ልጅ እንሰጣለን ብሎ ደወለ። ልጅቱ ስልኩን ዘግታ ከሰሉን ከዱቄቱ መልቀም ጀመረች። እነዚያ እጆች ነበሩ የሐኪም ይሆናሉ የተባሉት።

አራተኛ፤ በስተርጅናዬ ሥራ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። የኮርቻ ቃል የሚፈርስበት አንድ መንገድ ብቻ አለ። አባት በሕይወት ካለ፣ ሰው በተሰበሰበበት ልጓሙን ይዞ ልጁን ከፈረስ ያወርደዋል። የወረደ ሰው ቃሉ እንደ ሕፃን ቃል ይቆጠራል፣ ማንም አይጠይቀውም። ከዚያ በኋላ ግን ከፈረሰኛ ጋር አይሰለፍም። ይህን አባቴ ሲያወራው ሰምቻለሁ እንጂ ሲደረግ አይቼ አላውቅም ነበር።

አየሁት። በገበያ ቀን፣ ስማቸው ፈረሱ ላይ ሆኖ እንጅባራ ሲገባ ጠብቄ ልጓሙን ያዝሁ። ውረድ አልሁት። አባባ ይተዉኝ፣ ሰው እያየ ነው አለኝ። ሰው እንዲያይ ነው አልሁት። ወረደ። ጺሙ ሽበት የጣለበት ሰው፣ በገበያ መሐል በእግሩ ቆሞ እንደ ልጅ አለቀሰ። ጋሪ ነጂዎች እንኳ ጅራፋቸውን ዝቅ አደረጉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእኔ ጋር በአንድ ገበታ አይቀርብም፤ ሳልፍ ፊቱን ያዞራል። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ለማንም አላካፍልም። የእርስዎ እጅ የለበትም፤ የእርስዎ እጅ ጭብጨባ ላይ ነበር።

አምስተኛ የለም። ጸሐፊው በገጽ ነው የሚያስከፍለኝ፤ እርስዎም ከዚህ በላይ ወጪ የሚወጣብዎት ሰው አይደሉም።

ሕይወት ባሕር ዳር ገብታለች። ቦታዋ አልተሰጠባትም። ይህን ስነግርዎ ደስ ብሎኝ ነው ብለው እንዳያስቡ፤ መናኸሪያ የሸኘኋት እኔ ነኝና የሆነውን ልንገርዎ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆመን ሳለ፣ እንግዲህ ታመሰግነኛለች ብዬ ጢሜን ሳስተካክል፣ አባባ አለችኝ። ርዕሰ መምህሩ ለራሳቸው ስም፣ አባቴ ለስሙ፣ እርስዎም ለስምዎ ተጣላችሁ፤ እኔን ግን ምን ትፈልጊያለሽ ያለኝ አንድ ሰው የለም አለችኝ። ቢጠይቁኝ ኖሮ ማንንም ሳላስፈቅድ ሚኒባስ ተሳፍሬ እሄድ ነበር አለች፤ የአባቷን ቃል የምታፈርሰው እርሷ ሆና፣ ጥፋቱ የልጅ ጥፋት ሆኖ፣ እርሱ ከነክብሩ ፈረሱ ላይ ይቀር ነበር። አሁን እኔ ሐኪም ስሆን አባቴ የሚያስበው ያን ገበያ ነው አለችኝ። ከዚያ ሚኒባሱ ሞላ፤ ዞር ብላም አላየችኝ።

ክቡር ሆይ፣ በዕድሜዬ ብዙ ተሰድቤያለሁ፤ እንዲህ በልክ የተሰፋ ስድብ ግን አልደረሰኝም። ልጅቱ ለብቻዋ ማለፏ ለካ በከንቱ አይደለም። ከተናገረችው ውስጥ የእኔን ድርሻ ወስጃለሁ፤ እበላዋለሁ፣ ማንም አያግዘኝም። ስማቸውም የእርሱን ከገበያው ቀን ጀምሮ ተሸክሞታል። የእርስዎ ድርሻ ብቻ ወሳጅ አጥቶ መናኸሪያው ላይ ቀርቶ ነበርና፣ የሰው ንብረት መሬት ላይ ሲወድቅ ማለፍ ስለማልችል፣ አንሥቼ ይኸው ልኬልዎታለሁ።

ይህን ሁሉ ሳይሰለቹ ላነበቡ፣ ወይም ላስነበቡ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ወንበሩንም ያጽናልዎት፤ ከወንበሩ ቢነሡ ማን እንደሆኑ የሚያውቅ ይጠፋልና።

እጅ ነሥቼ፣ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ የፈረምሁ፣
ይኸነው፣
የአንዲት ሐኪም አያት፣
የአንድ እግረኛ አባት።

ደብዳቤው ካለቀ በኋላ የተጨመረ፦ የከሰል ነጋዴው ሰላሁዲን ይህን በእጅዎ ሊሰጥልኝ ቢሮዎ ተመላልሶ አላገኘዎትም። መምህራኑን ቢጠይቅ አንዱ ስብሰባ ላይ ናቸው አለው፤ ሌላው ፈቃድ ወጥተዋል አለው፤ ሦስተኛው ደግሞ እንዴ፣ ተዛውረው የለም ወይ አለው። ስለዚህ በሩ ላይ ለጥፈነዋል። ሲመለሱ ያነቡታል። ለመመለስ ግን አይቸኩሉ፤ ጠይቀናል፣ የጎደለ ነገር የለም።