ለወሽባ የሚለበስ

ሰኞ፣ ጥር 15 ቀን 1959

አልጠየቅሁትም! ምን ለብሼ ልምጣ ብዬ አልጠየቅሁትም። ደደብ!

ደምሴ፣ የቡሬው የኑግ ነጋዴ፣ ኮቴ ጠበበኝ ብሎ መጥቶ ነበር። ሦስተኛ ጊዜው ነው። ኮት በሦስት ወር ሦስት ጊዜ አይጠብም። ወገቡን ስለካ ሜትሩ እጄ ላይ ቀረ፤ እሱም ዓይኑን አልነቀለም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቅዳሜ ከሰዓት ቡሬ ከአያ ምናሉ ወሽባ ቤት ና። ቅዳሜ የሚገቡት እንደኔና እንዳንተ ያሉት ብቻ ናቸው» አለኝ።

እንደኔና እንዳንተ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ስኖር እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። ራሴን በእሺታ ነቀነቅሁ።

ወሽባ ገብቼ አላውቅም። ቅጠል በጋን ይቀቀላል፣ በእንፋሎቱ ይታጠኑበታል፣ ቁርጥማት ይነቅላል ሲሉ ነው የምሰማው። ግን ልብስ ይለበሳል? ይወለቃል? የፍኖተ ሰላምን ግማሽ የማለብስ ልብስ ሰፊ ለራሴ የምለብሰው ጠፋኝ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች!

ማክሰኞ

ያሉኝን አወጣሁ።

ካኪ ቁምጣ። መቀመጫው ተጥፏል። ልብስ ሰፊ ሆኜ የተጣፈ ለብሼ አልገባም።

የአባቴ ጋቢ። ይሞቃል፣ ያከብራል። ግን አባቴን አስከትዬ የምገባ ይመስለኛል። ይቅር።

ግልድም። ወንዝ ስንወርድ የምናገለድመው ዓይነት። ቢፈታስ?

ምንም። ኧረ ወዲያ!

ጋቢውን ሳጥፍ እማዬ ገቡ። እሑድ አስተርእዮ ማርያም ነው፣ ቀኑ ደግ ነው፣ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ማንኩሳ ይሄድልሃል አሉ። ልጅቷን አይቻት አላውቅም። «አላገባም» አልኋቸው። «ወንድ ልጅ መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚል» ብለው ሳቁ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!

አንዴ አግብቼ አይቻለሁ። ያቺ ምስኪን ሁለት ዓመት ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች፤ በመጨረሻ ወደ አባቷ ቤት ሄደች። ሰው ሁሉ እሷን አማ። ጥፋቱ የኔ ነበር፣ ዝም አልሁ። ሁለተኛ ሴት አልበድልም። በቃ።

ረቡዕ

ቆረጥሁ። አዲስ ቁምጣ እሰፋለሁ። ከሱቁ ሰማያዊ ጨርቅ አለ፣ ደስ የሚል ሰማያዊ። ለሁለት ሰው የቀጠርሁት ሥራ ይቆይ።

የምፈራው፦ የሚያውቀኝ ሰው ቢገኝ። ቢስቁብኝ። ደምሴ ሳያውቀኝ ቢያልፍ። ከሁሉም ከሁሉም፣ እዚያም ብቻዬን ብሆን።

ግን ምን ሰረቅሁ? የማን ድንበር ገፋሁ? የሚያፍር ይፈር፣ እኔ እሄዳለሁ።

ዓርብ

ቁምጣው አለቀ። ወገቡ ላይ ሁለት ጊዜ ደርቤ ሰፍቼዋለሁ፤ በሬ ቢጎትተው አይፈታም።

ሲመሽ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ማተቤስ? አውልቄ ኪሴ ልክተት? ትንሽ ቆይቼ በራሴ ተናደድሁ። ክርስትና ስነሳ ያሰሩልኝ ነው። እግዜር ሲሠራኝ ማንን እንደሚሠራ ያውቅ ነበር፤ ከሱ የምደብቀው የለኝም። አላወልቅም!

ለእማዬ ቁርጥማት ያዘኝ፣ ቡሬ ወሽባ ገብቼ እመጣለሁ አልኋቸው። ስንቅ ቋጠሩልኝ። ውሸቴ አንገበገበኝ።

ቅዳሜ፣ ቡሬ

ወይ ጉዴ!

ለደንበኛ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፤ አዲስ ጨርቅ ሳይነከር አይሰፋም። ሲቸኩል ይህን የሚረሳ ልብስ ሰፊ እኔ ብቻ ነኝ። አያ ምናሉ የጋኑን ክዳን ሲያነሱት እንፋሎቱ ቤቱን ሞላው፤ ላቤ ሲወርድ ቀለሙም አብሮ ወረደ። ጭኔ ሰማያዊ፣ ጉልበቴ ሰማያዊ፣ ተረከዜ ሰማያዊ!

ሰባት ሰዎች ነበሩ። አንዱ የወታደር ካኒቴራ ለብሷል፣ አንዱ ነጠላ አገልድሟል፣ አንዱ ከማተቡ በቀር ምንም የለበትም፤ ማንም ማንንም አላየውም። እኔን ግን አዩኝ። ሳቁ። ሳቁ! አያ ምናሉ፣ ሽበታሙ ሰውዬ፣ «አንተ ልጅ፣ ልትታጠን መጣህ ወይስ ልትነከር?» ሲሉ የኔም ሳቅ አመለጠኝ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እንዲህ ስስቅ መቼ እንደነበር አላስታውስም።

ደምሴ የራሱን ጋቢ አጋርቶ አለበሰኝ። ትከሻችን ገጠመ። «መጣህ» አለኝ። «መጣሁ» አልሁት። ሌላ ምንም አላወራንም፣ ግን ደስ አለኝ። ደስ አለኝ! እዚህ ልጻፈው፣ ማን ይከለክለኛል?

የሚመለስ መኪና ስለጠፋ እዚሁ አድራለሁ።

እሑድ



በጠዋት የጭነት መኪና አገኘሁ፤ ብዙ ቆሞ ጭነት አነሳ። ማንኩሳን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ሦስት በቅሎ ከፊታችን መጣ። ከፊት መምሬ ጥበቡ፣ የንስሐ አባታችን፣ ጥላቸውን ዘርግተው። የኔ ሽማግሌዎች! እማዬ አላገባም ማለቴን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ከጭነቱ ላይ ሆኜ የጋቢናውን ጣሪያ ደበደብሁና ወረድሁ። መኪናው ሄደ።

«አባቶቼ፣ ይመለሱ» አልሁ።

«ምነው ልጄ? ልጅቷ ምን ጎደላት?» አሉ መምሬ።

«እሷ ምንም አልጎደላትም። እኔ ነኝ ሴት የማላገባ።»

መምሬ ጥበቡ ብልህ ናቸው፣ ሊሸፍኑልኝ ፈለጉ። «እንግዲያው ታሟል እንበል። ወሽባ ገብቷል ተብሎም የለ? ሕመም አያሳፍርም።»

ጥሩ መውጫ ነበር። እሺ ብል ግን ዕድሜ ልኬን በሽተኛ አድርጎ ያስተኛኝ ነበር። «አልታመምሁም አባ» አልኋቸው። «ደህና ነኝ። አልፈልግም አለ ይበሉ።»

ከኋላ ካሉት አንደኛው ሽማግሌ «ካፈርኩ አይመልሰኝ!» ብለው እንትፍ አሉ። ይበሉ። በቅሎዎቹ ግን ዞሩ። ልጅቷ ገና አልተጠየቀችም፤ ማንም አያማትም። እኔም ከኋላቸው በእግሬ ስከተል ዋልሁ።

እማዬ ደጅ ቆመው ነበር። ሁሉንም ነገርኋቸው። ውሸቴንም። «ቡሬ ልቤ የወደደው ሰው አለ» አልሁ። «ሴት ናት?» አሉኝ። «አይደለችም» አልሁ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ፤ እስካሁን አላነሱትም።

ሰኞ

ሱቁን ከፈትሁ። ደንበኛ አልመጣም፤ ወሬው ቀድሞኝ ገበያ ወጥቷል። ይውጣ። የስፌት መኪናዬን ዘይት ቀባሁ፣ የቀጠርሁትን ሥራ ያዝሁ።

ረፋድ ላይ እማዬ መጡ። ሱቄ ገብተው አያውቁም። የደንበኛ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው እጄን ሲያዩ ቆዩ። ዓይናቸው አብጧል። እኔም ከፔዳሉ ላይ እግሬን አላነሳሁም፤ ባቆም የማለቅስ መሰለኝ።

በመጨረሻ፣ «ያ የቡሬው ሰው» አሉ፣ «የማን ልጅ ነው?»

ሙሽራ ሲታጭ የሚጠየቀው ጥያቄ ነው። ሊረግሙት ይሁን ሌላ ያሰቡት ነገር ይኑር ከፊታቸው ማወቅ አልቻልሁም። አላውቅም፣ አልጠየቅሁትም አልኋቸው።

«ሳትጠይቅ!» አሉ ተቆጥተው።