ጅራት ፈረስ አይደለም

ባዝራዬን በጅራቷ ለወሰዱብኝ ለክቡር ዶን ኦራሲዮ ሳላቤሪ፣ ለካኛዳ ሴካ የፈረስ ግልቢያ ክበብ ሊቀመንበርና ለከተማችን ውል አዋዋይ፤

ክቡርነትዎ ከነመላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎን የምጠይቀው ለወግ ያህል አይደለም። ባለፈው እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ጠርቶ ሳለ፣ ብርሃን አይታይም ብለው ስለፈረዱ የዓይንዎን ደህንነት ከልቤ ማወቅ ስለምፈልግ ነው። እኔ በሰባ አራት ዓመቴ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ዶና ኦርፊሊያ ግን ደህና አይደለችም። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

አቤቱታዬን በክበቡ የቅሬታ ቅጽ ላይ ሳይሆን በዚህ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ የጻፍኩት ቅጹን ንቄ እንዳይመስልዎ። ቅሬታ የሚቀርበው ግልቢያው ባለቀ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ነው ስለተባለ ሰኞ ጠዋት በጊዜው መጥቼ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ግን ካሜራውን ከሞንቴቪዴዮ ላመጡት እንግዳ ክብር በተዘጋጀው የሥጋ ጥብስ ምክንያት ተዘግቶ አገኘሁት። ከበሩ ላይ ሆኜ ጭሱ ይታየኝ፣ ሳቃችሁም ይሰማኝ ነበር። ማክሰኞ ስመለስ ጸሐፊዎ፣ «ውይ ዶን ኔፖሙሴኖ፣ ጊዜው እኮ ትናንት አለፈ። ምነው ትናንት ብቅ ቢሉ ኖሮ?» አለችኝ። ልጅቱ ጨዋ ናት፤ ወንበርም ሰጥታኛለች። ለወንበሩ አመሰግናለሁ።

ጋዜጣውን የሚያነብ የሩቅ ሰው ግራ እንዳይገባው ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጥ። በእኛ አገር ሁለት ፈረሶች በቀጥታ ሜዳ አራት መቶ ሜትር ሲጋልቡ፣ ይበልጣል የሚባለው ፈረስ ለደካማው «ብርሃን ይሰጣል»። ብርሃን ሰጪው በአፍንጫ ወይም በአንገት መቅደም አይበቃውም፤ በመጨረሻው መስመር ላይ ከዳሌው ኋላና ከተከታዩ አፍንጫ መካከል ክፍት ቦታ፣ ማለትም ብርሃን፣ መታየት አለበት። ካልታየ ቢቀድምም ተሸናፊ ነው። የኔ ጉራቻ ባዝራ ካላንድሪያ ለአልሲዴስ ፋጉንዴስ ቦራ ፈረስ ብርሃን ሰጥታ ሮጠች። መያዣው ፈረስ በፈረስ ነበር፤ የተሸነፈ ፈረሱን ያስረክባል። እርስዎም ካላንድሪያ ተሸንፋለች ብለው ፈረዱ፤ ቅዳሜ አስረክባት ተብያለሁ። ዛሬ ረቡዕ ነው።

ቅሬታዎቼን እርስዎ በሚወዱት ሥርዓት በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። አባቴ፣ የአባቴም አባት፣ ፈረስ ወደ መስመር ሲያወጡ ጅራቱን በሦስት ቋጠሮ ያስሩት ነበር። እኔም አርባ ዓመት እንዲሁ ሳደርግ ኖሬያለሁ። ዘንድሮ ግን አዲሱ ደንባችሁ በሰባተኛው አንቀጽ፣ ለእንስሳው ምቾትና ለፎቶግራፉ ውበት ሲባል ጅራት መቋጠርም ሆነ መጎንጎን ክልክል ነው አለ። ደንብ ደንብ ነው ብዬ ቋጠሮውን በገዛ እጄ ፈታሁት። የፋጉንዴስ ቦራ ጅራቱ ከሥሩ የተከረከመ ስለሆነ አንቀጹ እሱን አልነካውም። ስለ እንስሳት ምቾት እንዲህ መጨነቃችሁን ሳስብ እንባዬ ይመጣል፤ ካላንድሪያ በዚያ ቀን እጅግ ተመችቷት እንደተሸነፈች ልመሰክርላችሁ እችላለሁ።

ሁለተኛ። ከጥንት ጀምሮ መስመሩ ላይ የሚቆሙት ሁለት ዳኞች ናቸው፤ አንዱን አንዱ ወገን፣ ሌላውን ሌላው ወገን ይመርጣል። ካልተስማሙ ሦስተኛ ሰው ይጠራል። እኔ ራሴ ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያ መስመር ላይ ቆሜአለሁ። ማንበብ የተማርኩት ከጨው ከረጢት ላይ ነው፤ መፍረድ የተማርኩት ግን እዚያ ቆሜ ነው። ዘንድሮ ሁለቱን ዳኞች አስወግዳችሁ በቦታቸው አንድ ካሜራ በሦስት እግሩ አቆማችሁ። ይህም ትልቅ መሻሻል ነው፤ ካሜራ ከማንም ጋር አይጠጣም፣ የማንም ዘመድ አይደለም፣ «ጅራት ምንድን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅም አይመልስም።

ሩጫው ሲያልቅ የድምፅ ማጉያው ሰውዬ፣ «ካላንድሪያ! በብርሃን!» ብሎ ለፈፈ። ጋላቢዬ ቶሪቢዮ ገና ከኮርቻው ሳይወርድ ሰዎች አቀፉት። ከዚያ አርባ ደቂቃ ጠበቅን። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ያው ድምፅ፣ ተኝቶ እንደተነሣ ሰው ጎርነን ብሎ፣ «እርማት አለ። በፎቶው ብርሃን አልታየም» አለ። ከፋጉንዴስ ወገን አንዱ ከአጥሩ ላይ ሆኖ፣ «ሽማግሌው፣ መቀስ ላውስዎት?» ሲል የሳቀውን ሕዝብ አልቆጠርኩትም፤ ብዙ ነበር።

ፎቶውን አይቼዋለሁ። ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ፤ ለግማሽ ደቂቃ መሆኑ አልጎዳኝም፣ ለማየት ከዚያ ያነሰም ይበቃኛል። የካላንድሪያ ዳሌ አለ። የቦራው አፍንጫ አለ። በሁለቱ መካከል አንድ ክንድ የሚሆን ክፍት ቦታ አለ፤ በዚያ ቦታ ላይ ነፋስ የበተነው ጭራዋ እንደ ሸረሪት ድር ሳስቶ ተዘርግቶ የቦራውን አፍንጫ ነክቷል። ከጭራው ባሻገር ከሜዳው ማዶ ሊጥ የምትጠብሰው ዶና ኤርሜሊንዳ ከነድስቷ ቁጭ ብላለች። ይህን ስነግራት ሴትዮዋ እጇን ከዱቄቱ እንኳ አላወጣችም። «እንግዲህ ዶን ኦራሲዮ ብርሃን የለም ካሉ፣ እኔን በምን አዩኝ? ድስቴ ከነክዳኑ ከፎቶው ላይ አለ አይደል? እኔ ከዚህ ሆኜ ያየሁት ብርሃን፣ ጭነት ጋሪ ከነበሬው ያሳልፋል» አለችኝ። ሴትዮዋ ፊደል አልቆጠረችም፤ ስለዚህ ምስክርነቷን በቅጽ ላይ ማስፈር አትችልም።

ሦስተኛ። ይህን ነጥብ መጻፍ አልፈለግሁም ነበር። ጎርፉ ድልድዩን በወሰደው ዓመት፣ የአባትዎ የዶን ማክሲሞ ዳማ ፈረስ ለሟቹ ለሽማግሌው ፋጉንዴስ፣ ለአልሲዴስ አባት፣ ፈረስ ብርሃን ሰጥቶ ሮጦ ነበር። በመካከል የዳማው የጅራት ቋጠሮ ተፈታ። መስመሩ ላይ ሲደርሱ ጭራው ተበትኖ የኋለኛውን ፈረስ አፍንጫ ሸፈነው። ሁለቱ ዳኞች ሳይስማሙ ቀሩ፤ ሦስተኛ ሆኜ የተጠራሁት እኔ ነበርኩ። ሽማግሌው ፋጉንዴስ አለንጋውን እንደያዘ ፊቴ ቆሞ፣ «በል ተናገር ቴቼራ፤ ጭራው ነክቷል አልነካም?» አለኝ። እኔም፣ «ነክቷል። ግን ጅራት ፈረስ አይደለም። ፈረስ ዳሌው ላይ ያልቃል» ብዬ ለአባትዎ ፈረድኩ። አባትዎ ሕዝብ እያየ አቀፉኝ። እርስዎም እዚያው ነበሩ፤ ሲያጨበጭቡ አይቼዎታለሁ። ያኔ የተሸለሙት ዋንጫ እስከ ዛሬ በክበቡ መስኮት ላይ፣ ከአዲሱ ደንብ በላይ፣ ተወልውሎ ይታያል።

ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ አገር ጅራት ፈረስ ሆኖ አያውቅም፤ እስካለፈው እሑድ ድረስ።

አራተኛ። አራተኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም፣ በራሴ ላይ ነው፤ ሰው የሌላውን ጥፋት ብቻ ከቆጠረ ውሸታም ዳኛ ነውና።

ከወር በፊት በመንገዱ ዳር ባለው መጠጥ ቤት ቁጭ ብዬ የቅጠል ሻያችንን፣ ማቴዬን፣ ስጠጣ አልሲዴስ ፋጉንዴስ ገባና ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ «ዶን ኔፖ፣ ያቺን ባዝራ መቼ ነው የምናያት? ወይስ ከዶና ኦርፊሊያ ቀሚስ ሥር ነው የምትጋልበው?» አለ። ሳቁ። እኔ በሕይወቴ ብዙ ነገር ችያለሁ፤ ሳቅ ግን አልችልም። «ፈረስ በፈረስ። ብርሃንም እሰጥሃለሁ» አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። ያን ጸጥታ ወደድኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለኔ እንደሆነ ገና አልገባኝም ነበር።

ካላንድሪያ የኔ አልነበረችም። እናቷ ስትወልዳት ስለሞተች ኦርፊሊያ በጡጦ የላም ወተት እየሰጠች ነው ያሳደገቻት፤ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ከጋጣው አልወጣችም፣ ምግቧንም እዚያው ነበር የምወስድላት። ልጅ አልወለድንም፤ ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም። ባዝራዋን ልናስመዘግብ እርስዎ ዘንድ ስንመጣ በኦርፊሊያ ስም እንዲሆን ጠይቀን ነበር። እርስዎ ከወረቀቱ ቀና ሳይሉ፣ «በባልየው ስም ይሁን፤ ነገር ይቀላል» አሉ። እውነትዎን ነበር ክቡርነትዎ፤ እጅግ ቀለለ። ከመጠጥ ቤቱ ወንበር ሳልነሣ፣ ሳላማክራት፣ በአንዲት ቃል አስይዤያታለሁ።

ከእሑድ ወዲህ ኦርፊሊያ አንድ ጊዜ ብቻ ተናግራኛለች። ሰኞ ጠዋት ወደ ጋጣው ስሄድ የባዝራዋን ጅራት ታበጥር ነበር። የደንቡን ነገር፣ የካሜራውን ነገር፣ የእርስዎን ነገር ልነግራት ጀመርኩ። ሳትዞር፣ «ተው ኔፖ። የፈረደብኝ ካሜራው አይደለም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ማቴውን አፍልታ ከጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥልኛለች፣ ራሷ ግን አትቀመጥም። በአርባ ስድስት ዓመት ትዳር ብቻዬን ማቴ ስጠጣ የመጀመሪያዬ ነው። አይወርድልኝም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ እለምንዎታለሁ። ይህን ቃል ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰርዤዋለሁ፤ አሁን ግን ይቁም። ሰውን ለምኜ ስለማላውቅ አለማመኑን ካላወቅሁበት ይቅር ይበሉኝ። ፎቶውን እንደ ጥንቱ በሁለት ዳኞች ያስመርምሩልኝ፤ ካልተስማሙ ሦስተኛው የፋጉንዴስ የገዛ ወንድሙ ይሁን፣ እቀበላለሁ። ይህ ካልሆነ ሩጫው ይደገም፤ ጭራዋ እንደተፈታ ትሮጣለች፣ አንድ ሳይሆን ሁለት ብርሃን እሰጣለሁ። ይህም ካልሆነ ለፋጉንዴስ በባዝራዋ ፈንታ ከወንዙ ዳር ያለውን የግጦሽ መሬቴን እሰጠዋለሁ፤ ውሉን እርስዎ ይጻፉት፣ ሳላነብ እፈርማለሁ። ማሸነፌ ይታወጅ አልልም። ስሜን በድምፅ ማጉያው አትጥሩ። ባዝራዋ ብቻ እዚያው ጋጣዋ ውስጥ ትቅር፤ ለኔ ሳይሆን ለኦርፊሊያ።

እስከ ዓርብ ፀሐይ መጥለቂያ ድረስ መልስዎን በደጃፌ ቆሜ እጠብቃለሁ። መልስ ካልመጣ ቅዳሜ ጠዋት ካላንድሪያን ሳልጋልባት፣ በልጓሟ እየሳብኩ፣ አሥራ ስምንቱን ኪሎ ሜትር በእግሬ ሄጄ በፋጉንዴስ በር ላይ አስረክባታለሁ። ጅራቷ በሦስት ቋጠሮ ታስሮ ይሆናል፤ በመንገድ ላይ የእናንተ ደንብ አይሠራም። ወረቀትም፣ ማኅተምም፣ ምስክርም ሳይኖር በመጠጥ ቤት ውስጥ በአፌ ብቻ የተናገርኩትን ቃል እንዲህ መፈጸሜ፣ እንደ ውል አዋዋይነትዎ ሳያስገርምዎ አይቀርም።

ለክበቡ ዕድገት፣ ለካሜራው ረጅም ዕድሜ፣ ለክቡርነትዎም የማያረጅ ዓይን እየተመኘሁ፣ ኮፍያዬን አውልቄ፣ ራሴን ግን ሳላጎነብስ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በመስመርዎ ላይ የቆምኩት

ኔፖሙሴኖ ቴቼራ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ከዚህ ደብዳቤ ቅጂ ጋር ኦርፊሊያ ስታበጥር ከማበጠሪያው ላይ የቀሩ ሰባት ጭራዎች በወረቀት ጠቅልዬ ልኬልዎታለሁ። በፎቶው ላይ በቦራው አፍንጫ ላይ ያረፉትን ቆጥሬያቸዋለሁ፤ ሰባት ናቸው። ዝንብ ማባረሪያ ለመሥራት አይበቁም፤ ሰው ለመርታት ግን መብቃታቸውን እርስዎ አሳይተውናል። ስለዚህ ከአባትዎ ዋንጫ አጠገብ በመስኮቱ ላይ እንዲሰቅሏቸው እለምናለሁ፤ ጅራት ፈረስ ከሆነ ዋንጫው የፋጉንዴስ ነው፣ ጅራት ፈረስ ካልሆነ ባዝራዋ የኦርፊሊያ ናት፣ የሚያልፍ ሁሉ አይቶ ይፍረድ። እኔ ግን ከቅዳሜ በኋላ ይህን ነገር ለእርስዎም፣ ለፋጉንዴስም፣ በመጠጥ ቤትም፣ በሞቴ አልጋ ላይም ዳግመኛ አላነሣውም። ሰው ቢጠይቀኝ፣ ስለ ዝናቡ እነግረዋለሁ።