ለሻምበሉ ያልሰጠሁት ወረቀት

ሴሮ አልቶ፣ ሚናስ ዤራይስ
ኖቬምበር 9 ቀን 2014 እ.ኤ.አ.

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፣ ለጡረተኛው ሃምሳ አለቃ ኦዲሎን፤

የጉዋራፓሪ የባሕር አየር ተስማምቶዎት፣ ጉልበትዎም ተሽሎዎት ይህች ደብዳቤ እንድትደርስዎ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። አለቃዬ ሻምበል ቫልዴሚር ደውሎ ምን እንዳለዎት አውቃለሁ፤ ቢሆንም ደህና ነኝ።

በስልክ የተዉልኝን መልእክት ሦስት ጊዜ ሰማሁት። «ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ይታዘዛል። ገብተሽ ይቅርታ ጠይቂ፣ ስሜን አታስነሺ» ብለዋል። መልሼ ያልደወልኩት ንቄዎት አይደለም። ድምፅዎን ስሰማ አርባ ዓመት አልፎኝም ቀጥ ብዬ እቆማለሁ፣ ምላሴም ይታሰራል። ወረቀት ላይ ግን አልፈራዎትም። ስለዚህ ነገሩን ከእኔ ይስሙት።

ትምህርት ቤት ገብተን ልጆች የምናስተምርበትን የፖሊስ ሥራዬን «የአንበሳ ቲያትር» እያሉ እንደሚስቁበት አውቃለሁ። አዎ፣ አስር አለቃ ጁሴሊኖ የአንበሳ ልብስ ለብሶ ይጨፍራል፣ በላብ ይጠመቃል፣ ልጆቹም ጅራቱን ይጎትቱታል። ነገር ግን ከአምስተኛ ክፍል ልጆች ጋር አሥር ሳምንት ተቀምጠን ስለ አደንዛዥ ዕፅ፣ ስለ ጠብና ስለ ዱላ እናወራለን። እኔን «አክስቴ ሃምሳ አለቃ» ነው የሚሉኝ። መስኮቱ ሥር የጥያቄ ሳጥን አለን፤ ከጫማ ካርቶን የሠራነው። ስም አይጻፍም። አነብባለሁ፣ እመልሳለሁ፣ ከዚያ ወረቀቱን እዚያው ፊታቸው እቀደዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን የምገባላቸው ቃል ይህ ነው። አብዛኛው ቀልድ ነው፤ «አክስቴ፣ አንበሳው ሚስት አለው?» ዓይነት።

ባለፈው ማክሰኞ ግን አንዱን ከፈትኩ። «የእናቴ ባል ዕቃውን ከጋዝ ምድጃው ጀርባ ይደብቃል። ሽጉጥም አለው። ብናገር እናቴንም ያስሯታል?» ይላል። ጮክ ብዬ አላነበብኩትም፣ አልቀደድኩትምም፤ ኪሴ ከተትኩት። ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ ክሌውዛ ጽሕፈቱን አወቁት። የሕፃናት ጥበቃ ሠራተኛዋን ጠርተን እናትየዋን ቀስ ብለን አነጋገርናት። ሐሙስ ዕለት እህቷን ልታስታምም ነው ተብሎ እናትና ልጅ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ወዴት እንደሄዱ፣ ልጁም ወንድ ይሁን ሴት፣ ለእርስዎም አልነግርዎትም።

ስህተቴን አልደብቅም። ሃያ ዓመት የለመደ እጅ ነውና፣ ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ የዕለት ሪፖርቱ ላይ «በክፍል ውስጥ ስለ ዕፅና ስለ ጦር መሣሪያ የሚገልጽ ጽሑፍ ቀርቧል» ብዬ ሞነጫጨርኩ። ፖሊስ ዝናብ ቢያካፋም ሪፖርት ያደርጋል፤ ይህንንም የወረስኩት ከእርስዎ ነው። በገዛ እጄ ነገር ፈለግኩ። አርብ ጠዋት ሻምበሉ አስጠራኝ።

«ወረቀቱ የታለ?»

«ኪሴ ውስጥ።»

«አምጪዋ። የልጆቹን ደብተር ሰብስበን ጽሕፈቱን እናመሳክራለን። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ልጁን አምጥተን እናናግራለን፣ በሩን እንሰብራለን።»

«ሳይመሽ ሰፈሩ በሙሉ ማን እንደተናገረ ያውቃል፣ ጌታዬ። ሰውዬው ቢታሰር ወንድሞቹ አይታሰሩም። ሃያ ሁለት ፖሊስ አለዎት፤ ቤቱን በፖሊስ ይፈልጉት እንጂ በአሥር ዓመት ልጅ አይፈልጉት።»

«ስሚ፣ የሃምሳ አለቃ ኦዲሎን ልጅ ባትሆኚ ኖሮ ይሄኔ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው። ትእዛዝ ነው። ወይስ የእውነት አስተማሪ የሆንሽ መሰለሽ?»

«አዎ ጌታዬ፣ መስሎኛል።»

ወረቀቱን አወጣሁት። እጁን ዘረጋ። ልጆቹ ፊት እንደማደርገው ሁለት ቦታ፣ አራት ቦታ፣ ስምንት ቦታ ቀደድኩና የቡና ብርጭቆው ውስጥ ጨመርኩለት። ጁሴሊኖ የአንበሳውን ጭንቅላት በብብቱ ይዞ በር ላይ ቆሞ ነበር። «ስኳር ይፈልጋል፣ ጌታዬ?» አለ። በዚህች ቀልዱ እሱም ከእኔ ጋር ለዲሲፕሊን ተጠርቷል።

ሻምበሉ ወይዘሮ ክሌውዛንም ሄዶ ጠይቋቸዋል። «እኔ የማውቀው የማባዛት ሠንጠረዥ ብቻ ነው፤ እሱን ከፈለግህ ቁጭ በል» አሉት።

ረቡዕ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። ስሙን ከተናገርኩ ሁሉም ይረሳል ተብያለሁ። ካልተናገርኩ ከትምህርት ቤት አውጥተው የወህኒ ቤት ግንብ ላይ ዘብ ያቆሙኛል፤ አርብ የሠላሳ አራቱን ልጆች ምረቃም አልመራም። ይህ ያንገበግበኛል፣ አልዋሽዎትም፤ ይህን ሥራ ከማዕረጌ አብልጬ እወደዋለሁ። ግን አልናገርም፤ ይቅርታም አልጠይቅም። ልጁ «ብናገር ምን ይመጣል?» ብሎ የጠየቀው እኔን ነው። መልሱ እኔው ነኝ።

ከማን ወርሳ ነው እንዲህ ግትር የሆነችው ይሉ ይሆናል። አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎትና ላብቃ። አምስተኛ ክፍል እያለሁ እርስዎ ነጭ ጓንት አድርገው ስለ መንገድ አቋራረጥ ሊያስተምሩን መጥተው ነበር። መምህራችን «የኢልዳ አባት እኮ ናቸው» ስትል ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ፤ ኩራቴ ወሰን አልነበረውም። እማማ በዚያን ቀን ቤት ነበረች፣ ያበጠ ፊቷን ጎረቤት እንዳያየው መስኮቱን ዘግታ። ትምህርቱን ሲጨርሱ «ጥያቄ ያለው?» አሉ። አንድ በአንድ እያዩን መጡና እኔ ጋ ሲደርሱ ዓይንዎን አሻገሩ። ጥያቄ ነበረኝ። እጄን አላነሳሁም።

እማማ እዚህ እኔ ጋ ደህና ናት። ሰላምታ አላከችልዎትም፤ እኔም ላኪ አላልኳትም።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ሌሊት እንቅልፍ፣ ቀን ሰላም አይንሳዎ። እወድዎታለሁ፣ እሱን ማንም ኮሚቴ አይወስድብኝም። መልስ ከጻፉልኝ ስለ ሻምበሉ አይጻፉልኝ፤ ያኔ ልጠይቅዎ ስለነበረው ይጻፉልኝ።

ልጅዎ፣ እስከ ረቡዕ ድረስ «አክስቴ ሃምሳ አለቃ»፣
ኢልዳ