ተገልብጦ የተመታው ጣውላ

ጽጌ፣ የእህቴ ልጅ፣ የኔ ነገረኛ፤

ያ ንዳድ ከወሰደሽ ሁለተኛው የሙቀት ወራት ገባብን። አንቺ ያለሽበት እንደ አሰብ አይሞቅም ብዬ ልቀልድ ነበር፤ የሚስቅልኝ ባጣ ተውኩት።

ጸሎት ቤታችሁ ፈረሰ። ይህንን ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

የነዳጅ ማጣሪያው ሲሠራ፣ እናንተ ባፕቲስቶች ከከተማው ዳር፣ ከሠራተኞች ሰፈር ጀርባ፣ ከወደብ በተጣለ የማሽን ሣጥን ጣውላ ግድግዳ ስታቆሙ ትዝ ይልሻል? ከሰባኪው ራስ በላይ ያለውን ጣውላ አንቺ ራስሽ በምስማር መታሽው። የቀስት ምልክትና የፈረንጅ ጽሑፍ ነበረበት። ምን እንደሚል ስትጠይቂኝ፣ እንግሊዝኛን ከቆርቆሮና ከካርቶን ላይ የተማርኩት አጎትሽ፣ «ይህ ጎን ወደ ላይ ይላል፤ አንቺ ግን ዘቅዝቀሽ ነው የመታሽው። ገነታችሁ ከመሬት በታች ነው ማለት ነው» አልኩሽ። ሁሉም እየሳቁ ይገልበጥ ሲሉ፣ «ይቅር! ጋሼ ለመሳቅም ቢሆን ይምጣ» አልሽ። መጣሁም። ከኋላ ወንበር ሆኜ ቀስቱን እያየሁ ስስቅ፣ መዝሙርሽን ሳታቋርጪ በዓይንሽ ትቆጪኝ ነበር። በባሕር ስትጠመቂም፣ «ጨው ገብቶባታል፤ ከእንግዲህ አትበላሽም» ብያለሁ። ምላሴን በቆረጠው።

ስትሞቺ «ጋሼ፣ በሩ እንዳይዘጋ» አልሽኝ። አይ ዘበኛ መምረጥ! ግንባታው ካለቀ ወዲህ ሠራተኛው አንድ በአንድ ወደ አገሩ ገብቶ ነበር፤ ካንቺ በኋላ መጋቢውም ተዛወረ። እሑድ እሑድ በሩን ከፍቼ ብቻዬን እቀመጥ ጀመር። መዝሙር አላውቅ፣ ጸሎትም አልሆነልኝ። ባለፈው ሳምንት ቦታው ለከባድ መኪና ማቆሚያ ተፈለገና አፈረሱት። በሩን ስጠብቅ ግድግዳው ሄደ።

ያን ጣውላ ለምኜ ወሰድኩት፤ ከመቃብርሽ ራስጌም ተከልኩት። አሁን አልተዘቀዘቀም፣ ቀስቱ ወደ ሰማይ ነው። አንቺ እንደምትይው እዚያ ካለሽ፣ እሰየው። እኔ ግን ቀና ብዬ ባይ ባይ ፀሐይ ብቻ ነው፤ ዓይኔ ተመልሶ ወደ አሸዋው፣ ወዳንቺ ይወርዳል።

የአሰብ ነፋስ ጣውላውን መጣሉ አይቀርም። በወደቀ ቁጥር አቆመዋለሁ። እኔ ስወድቅ የሚያቆመው የለም። እስከዚያ ግን አልረሳሽም፣ ነገረኛዬ።

ጋሼ