በግራ እጅ የተሠራ መልመጃ

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ወልደ ገብርኤል፤

አባቴ፣ እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎ ከብርዱ ጋር እንዴት ሆነ? እማዬንስ ሳሉ ለቀቃት? ዝናቡ በእናንተ በኩል ጣለ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሽታው ደጃችንን አልረገጠም። የሕሊና አባት ትዕዛዙም ቡሬ ግንባታ ሥራ ላይ ነው፤ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ብቅ ይላል። እኔ ግን መቀመጥም መቆምም አልሆነልኝም።

በኮሮና ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ የሕሊና ትምህርት በቴሌግራም ሆኗል። መምህር ባንተአምላክ መልመጃ ይልካሉ፤ ወላጅ ልጁን አሠርቶ፣ ፎቶ አንስቶ ይመልሳል። በምሠራበት ጤና ጣቢያ ፈቃድ የለም፤ ስልኩም አንድ ነው፣ ከእኔ ጋር ካርድ ክፍል ይውላል። ታዲያ ምን አደረግሁ መሰለዎት? በምሳ ሰዓት ቁጭ ብዬ፣ በግራ እጄ የልጅ ጽሕፈት አስመስዬ እየሠራሁ እልክ ጀመር። እንዳይነቃብኝ አንድ ሁለት ስህተት ጣል አደርግበታለሁ። መምህሩ «ጎበዝ ሕሊና» ብለው ለወላጁ ሁሉ ሲጽፉ አላፍርም፤ ደስ ይለኝ ነበር እኮ።

ባለፈው ማክሰኞ ሱቅ ልኬያት ሳለ ከሥራ በድንገት ተጠራሁ። «ቁልፉ ጎረቤት መስከረም ጋ ነው፤ ምሳሽንም እዚያ ብዪ» ብዬ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ስመለስ ልጄ ዝናብ መትቷት፣ ጦሟን ደጃፉ ላይ ተኮራምታለች። በበሽታው ሰበብ ማንም ቤት እንዳትገባ ያስጠነቀቅኋት እኔው ነኝ። ወረቀቱን አላየሽም ወይ ብላት፣ «አየሁት፤ ማን ያንብብልኝ?» አለችኝ።

ፊደሉን አንድ በአንድ ትለያለች፣ ቃል ሲሆን ትጠፋለች። ድሮም ወደኋላ ትል ነበር፤ እኔ ጨረስኋት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉኝ አልነበር? ለመምህሩ ልናገር ስልኩን አነሣለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። መስከረም ሲጠባ አራተኛ ክፍል ምን ይዛ ትገባለች? ወንድሜ ካሴ ለገበያ መጥቶ ስላገኘሁት ከእርሱ ጋር ሰድጃታለሁ። እኔን በፊደል ገበታ እንዳስቆጠሩኝ እርሷንም ያስቆጥሩልኝ። ታለቅሳለች፣ አይዘኑላት። ጥጃ ጠብቂም አይበሏት።

የእማዬን ጉልበት ይሳሙልኝ። እኅቴን በለጠችን ከነልጆቿ ሰላም ይበሉልኝ፤ ጎረቤታችንን ደሴንም የበሬው እግር ዳነ ወይ ብላለች ይበሉልኝ።

አባቴ፣ ይህን ሲጨርሱ ለሕሊና ይስጧትና ከመጀመሪያው ጀምራ ታንብብልዎ። የተያዘችበትን ቃል በእርሳስ አስምረው ወረቀቱን በካሴ ይመልሱልኝ። መልመጃዋን እኔ እየሠራሁ እንደላክሁ ፊት ለፊት ልነግራት አልደፈርሁም። ሕሊናዬ፣ ማንም ሳያግዝሽ እዚህ ከደረስሽ፣ ይቅር በይኝ።

ልጅዎ መሰረት
ፍኖተ ሰላም፣ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.