አራታችንን በፈረቃ ስላዝናናችሁን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የመዝናኛ ፓርኩ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አንድ ቤተሰብ በአንድ ቅጥር ግቢ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ሳይገናኝ እንዲውል ስላደረጋችሁት ያልተቆጠበ ጥረት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ ከመላው ቤተሰብዎ ጋር በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው ሳሉ እንዲደርስዎ ከልብ እመኛለሁ። ምኞቴ ለወጉ ያህል የተጻፈ አለመሆኑን ወደ ታች ሲወርዱ ይረዱልኛል። ጉልበትዎ ይጽና፣ እንቅልፍዎ ይጣፍጥ፣ ልጆች ካሉዎትም ቁመታቸው በፓርክዎ መመሪያ ልክ ይደግልዎ።

ማን ሆኜ እንደምጽፍልዎ ባስቀድም መልካም ነው። እኔ በከተማ አውቶቡስ ድርጅት የስምሪት ሠራተኛ ነኝ፤ የትኛው ሾፌር በየትኛው መስመር በስንት ሰዓት እንደሚወጣ የምደለድለው እኔ ነኝ። ባለቤቴ ነርስ ናት፣ ሁልጊዜም አዳር ነው የምትገባው። እሷ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ቤት ትደርሳለች፣ እኔ አንድ ተኩል እወጣለሁ፤ እኔ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት እመለሳለሁ፣ እሷ አሥራ አንድ ተኩል ትወጣለች። መቼ እንደምትተኛ አይጠይቁኝ፤ እኔም ደፍሬ ጠይቄያት አላውቅም። እግዜር ይመስገን ልጆቻችን እናትም አባትም አሏቸው፣ ችግሩ አንድ በአንድ መሆናችን ብቻ ነው።

ልጆቹ ሁለት ናቸው። ታላቂቱ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቤቱን የምታዘው እሷ ስለሆነች «አለቃ» እንላታለን። ታናሹ ሁለት ዓመት ተኩሉ ነው፣ ያገኘውን ሁሉ ስለሚገፋ «ጉልቤ» ይባላል። የእኔና የባለቤቴ የእረፍት ቀን የሚገጥመው በአምስት ወር አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ሦስት ባልደረቦቼን ደጅ ጠንቼ፣ እሷም የሆስፒታል ኃላፊዋን ለምና። ያቺን አንዲት ቀን እርስዎ ግቢ እናሳልፋት ያልነው፣ እኔው በየማለዳው በማሰማራቸው አውቶቡሶች ጎን ላይ «መላው ቤተሰብ በአንድ ላይ!» ብላችሁ ስለለጠፋችሁ ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል፤ እኛ ግን እንደ ዶሮዋ ሰምተን ሳይሆን አንብበን ነው የመጣነው። እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ልዘርዝር።

አንደኛ፣ በሩ ላይ ስለቆመችው የእንጨት ቀጭኔ። አንገቷ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮባታል። ከመስመሩ በታች የሆነ ልጅ ትልልቆቹ መጫወቻዎች ላይ አይወጣም፣ ከመስመሩ በላይ የሆነ ደግሞ የሕፃናቱ ክፍል አይገባም፤ ይህን ለካኝ ሠራተኛዎ በታላቅ ትዕግሥት፣ ሁለት ጊዜ አስረድቶናል። በዚህ አሠራር ሁለቱ ልጆቼ አንድ ላይ የሚሳፈሩበት አንድም ነገር በግቢዎ ውስጥ አልተሠራም። ጉልቤ ለአቅመ ባቡር አልደረሰም፣ አለቃ ደግሞ ለጥንቸል መኪናው አርጅታለች። በስድስት ዓመቷ ጡረታ በመውጣት ከቤተሰባችን የመጀመሪያዋ ናት።

ሁለተኛ፣ ስለ ወላጅ መቀያየሪያ ካርድ። ይህ ካርድ የፈጠራ ውጤት ነው፤ የፈጠረውን ሰው ባገኘው እጄን ዘርግቼ ልጨብጠው በተገባኝ ነበር። አንዱ ወላጅ ከትልቋ ጋር ባቡሩ ላይ ሲወጣ ሌላው ከትንሹ ጋር ውጭ ይቆማል፤ የመጀመሪያው ሲወርድ ሁለተኛው ወረፋ ሳይጠብቅ ይወጣል። ስለዚህ እኔና ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ የተያየነው በየመውጫው በር ላይ ነው። ልጁን አቀብላታለሁ፣ ጡጦውን ትቀበለኛለች፣ አፉን እንደጠረግሁለት እነግራታለሁ፣ ትሄዳለች። ዘጠኝ መጫወቻ፣ ዘጠኝ በር። ከዕለታዊ ኑሯችን የሚለየው ሙዚቃ መኖሩ ነው።

እዚህ ላይ ሐቁን ብደብቅ ነውር ይሆንብኛል። የመመሪያ መጽሔታችሁን ሦስት ማታ ሙሉ አጥንቼ የቀኑን ውሎ ያቀድሁት እኔው ነኝ፤ ያቀድሁትም ከመሥሪያ ቤት ባመጣሁት የስምሪት ቅጽ ላይ ነው፤ ሰዓት፣ መነሻ፣ መድረሻ፣ ተረኛ ወላጅ፣ ተረካቢ። አንዲት ደቂቃ እንዳትባክን አድርጌ ስለሠራሁት እውነቱን ለመናገር ኮርቼበት ነበር። በዋዜማው ማታ ባለቤቴ የቤታችን በር ላይ ቆማ፣ ጫማዋን እያሰረች ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችውና አራታችን የት ነን ብላ ጠየቀችኝ። የመጨረሻውን መስመር አሳየኋት፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት፣ የብርሃን ሰልፍ፣ ሁሉም። «በቃ እዚያ እንገናኝ» ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች። ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ስቄያለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ማረፊያ ክፍሉ። ትንንሽ ልጆች እስከ ማታ እንዲቆዩ ከሰዓት በኋላ መተኛት አለባቸው፤ ይህን የማያውቅ ወላጅ ስለ ምሽት ፕሮግራም ባያልም ይሻለዋል። የክፍልዎ በር ላይ «ለእናትና ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ብቻ» ተብሎ ስለተጻፈ ባለቤቴ ጉልቤን ይዛ ገባች፣ እኔና አለቃ የመታሰቢያ ዕቃ መሸጫው ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል ስንዞር ቆየን። ሻጯ ሦስት ጊዜ ምን ልርዳችሁ አለችን፤ በአራተኛው ወንበር አመጣችልን። ወንበር ማቅረብ ከመመሪያ ውጭ ከሆነ እባክዎ እኔን እንጂ እሷን አይቅጡ። በመጨረሻ ደንብ ጥሼ አንገቴን ወደ ክፍሉ አስገብቼ ሳይ፣ ጉልቤ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም፤ የተኛችው ባለቤቴ ናት። ያን ጠዋት ከአዳር ወጥታ በቀጥታ ነበር የመጣችው። ልጁ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ፀጉሯን ይነካካል። ልቀሰቅሳት አንጀቴ እምቢ አለኝ፤ በመግባቴ ግን ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

አራተኛ፣ በመብራት ያሸበረቁ መኪኖች ስለሚያልፉበት የብርሃን ሰልፍ። በእናንተ ዘንድ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ማለት አራት ሰዓት ማለት እንደሆነ የነገረን አልነበረም። እኔ ዘንድ አንድ አውቶቡስ ሃያ ደቂቃ ቢዘገይ በጽሑፍ እጠየቃለሁ።

ሁለት ልጆች ይዘው ሰልፍ ጠብቀው የሚያውቁ ከሆነ ቀሪውን አልነግርዎትም፤ ካላወቁ ደግሞ ቢነግሩዎትም አይገባዎትም። ጉልቤ አለቀሰ፣ ያለ ምክንያት ሳቀ፣ እንደገና አለቀሰ፣ የማያውቀውን ሰውዬ ጋሪ ገፋ። አለቃን እንዳትተኛብኝ አምፖል አስቆጠርኋት፤ ሁለት መቶ ላይ ስትደርስ ቁጥር የሚያልቀው መቼ ነው አለችኝ። ባለቤቴ ዓይኗ ቀልቶ፣ የቀዘቀዘ ሻይ ይዛ፣ ሊመጣ ነው እያለች ትደልላቸዋለች።

ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ግን የመጣንበት ነገር ሆነ። አራታችንም የመንገዱ ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ማንም ተረኛ አልነበረም። ከባለቤቴ ጋር ተያየንና ምን እንደምንባባል ጠፋን፤ እኔ ልማድ ሆኖብኝ ልጁ ሙዙን ግማሹን እንደበላ ነገርኋት፣ እሷም ትኩሳት እንደሌለው ነገረችኝ፣ ከዚያ ወሬው አለቀ።

ይህን ጊዜ አለቃ ከመካከላችን ተነሣች። የእናቷን ቦርሳ ከጋሪው ላይ አወረደች፣ ዚፑን ዘጋች፣ አምጥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት፣ ጉንጯን ሳመችና «ደህና እደሪ እማ፣ ጠዋት እንገናኝ» አለቻት። ነገሩ ወዲያው ነው የገባኝ። ልጄ እኔንና እናቷን አንድ ላይ የምታየን ለርክክብ በር ላይ ስንቆም ብቻ ነው፤ ሁለታችን አንድ ቦታ ከታየን አንዳችን ልንሄድ ነው ማለት ነው። እናቷ ዛሬ አልሄድም ብትላት ትንሽ አሰበችና ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ነህ እንዴ የምትሄደው?»

ማንም እንደማይሄድ እየተቀባበልን ማልንላት። አላመነችንም፤ በምን ትመነን? ክቡር ሆይ፣ ሰልፋችሁ መጥቶ አለፈ፤ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ ስለሰማሁ ውብ ሳይሆን አይቀርም። ልጄ አንዱንም መብራት አላየችም። በአንድ እጇ የእኔን እጅጌ፣ በሌላው የእናቷን ሻርፕ ጨብጣ፣ ጀርባዋን ለሰልፉ ሰጥታ፣ ቀድሞ የሚነሣው ማን እንደሆነ ስትጠብቅ እንቅልፍ ጣላት። ጣቶቿን አንድ በአንድ ነው ያላቀቅናቸው። በነጋታው ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እኔ ወጣሁ። ልክ ነበረች።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ምን እንደምጠይቅዎ አስቤ አጣሁ። መቶ አርባ ሾፌር የምደለድል ሰው ነኝና የእኛን ፈረቃ በዚህም በዚያም ገልብጬ አይቼዋለሁ፤ ቀጣዩ የጋራ ቀናችን ከአምስት ወር በፊት አይመጣም፣ ሲመጣም ከሁለታችን አንዳችን በታመመ ባልደረባ ምትክ እንደማንጠራ ዋስትና የለኝም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው። እርስዎን መክሰስም አላማረኝም፤ የእርስዎ ደንብና የእኔ ቅጽ ተመካክረው የተሠሩ እስኪመስል ድረስ ተስማምተዋል። ተስፋ የለኝም፣ ነገር ግን ደብዳቤ መጻፍ ክልክል ነው የሚል ምልክት ግቢዎ ውስጥ ስላላየሁ ጻፍሁ።

ጊዜዎን ሠውተው እስከዚህ ካነበቡልኝ፣ ለማይገባኝ ለዚህ ክብር እጅ ነሥቼ፣ በማያልቅ አክብሮትና ባላለቀ እንቅልፍ እሰናበታለሁ።

የአንዲት አለቃና የአንድ ጉልቤ አባት፣
የዛሬው ተረኛ ወላጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ አሽጌ ልወጣ ስል ከቢሮዎ ፖስታ ደረሰኝ። ለካ በዚያ ምሽት መውጫው ላይ በሞላሁት የአስተያየት ቅጽ «አራታችን አንድ ላይ መሆን አልቻልንም» ማለቴን አንብባችሁ፣ እጅግ አዝናችሁ፣ እስከዚህ ወር መጨረሻ የሚያገለግል ነጻ የመግቢያ ትኬት ልካችሁልናል። እግዜር ይስጥልኝ። ትኬቱ ለሁለት ሰው ነው። ከአራታችን የትኞቹ ሁለት እንደሆኑ በአድራሻዬ ቢያሳውቁኝ ለቀሩት እነግራቸዋለሁ።